"ስግብግቦቹ ተጫዋቾች" ላልከው ወዳጄ

ኮምቦልቻ የሚኖር አንድ ወዳጄ የጻፈው ጽሑፍ ሰሞኑን ከስልክ ስልክ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። ኮሮና የኳሱን ዓለም ገመና እንዴት እንዳጋለጠ የሚተርክ ነው። ስሙን አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ በመጣ ቁጥር ብርዱን እየረገመ አብረን ሻይ የምንጠጣ ሰዎች ነን። ብዕሩ ጥሩ ነው። ያናደደኝም ይኸው ነው፤ መጥፎ ቢጽፍ ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር።

ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። ወዳጄ የሚለው ይህን ነው። የእንግሊዝ ተጫዋቾች ሰው እየሞተ "ደመወዛችን አይነካ" ያሉ ስግብግቦች ናቸው። ክለቦቹ ሠራተኞቻቸውን በመንግሥት ድጎማ ላይ የጣሉት ቸግሯቸው ነው። ባዶ ስታዲየም ውስጥ ጨዋታ መጀመራቸው ከገንዘብ ጥማት ሌላ ምክንያት የለውም፤ የኛ ሊግ ተሰርዞ መቅረቱ ግን ጨዋነት ነው። ያኔ የማንቸስተር ዩናይትድ አጥቂ የነበረው ማርከስ ራሽፎርድ ለድሃ ልጆች ምሳ የተሟገተው ለዝና ነው። በመጨረሻም የኛ ክለቦች ድሆች ስለሆኑ ይህ ሁሉ ጣጣ እኛን አይመለከተንም።

አምስቱንም አልቀበልም። እሺ፣ ሦስተኛውን ግማሹን እቀበላለሁ።

ወደ ነገሩ ሳልገባ ከየት ሆኜ እንደምጽፍ ይታወቅ። ያኔ ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ ዲኤስቲቪ ቤት ነበረኝ። ስድሳ ሰው የሚይዝ አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓርብ ነበር። የእንግሊዝ ሊግ መቋረጡ የተነገረውም፣ አገራችን ላይ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ የተነገረውም በዚያው ቀን ነው። ሰሌዳዬ ላይ ለቅዳሜ "ብራይተን ከአርሰናል" ብዬ በጠመኔ ጽፌ ነበር። ያ ጽሑፍ ለወራት እዚያው ቀረ። በመንገዱ ያለፈ ሁሉ "ስንት ለስንት ወጡ?" እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

በል ከተጫዋቾቹ እንጀምር።

"ስግብግብ" የሚለውን ስም ያወጣኸው አንተ አይደለህም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2 ቀን 2020 የያኔው የእንግሊዝ የጤና ሚኒስትር ማት ሃንኮክ መግለጫ ላይ ቆመው የፕሪሚየር ሊግ ተጫዋቾች ደመወዛቸውን ቀንሰው የድርሻቸውን ይወጡ አሉ። ይበሉ። ግን በዚያ መግለጫ ላይ የባንክ አለቆችን አላነሱም። የክለቦቹን ባለቤቶች፣ ማለትም ቢሊየነሮቹን፣ አላነሱም። በስም የተጠሩት ብዙዎቹ ከድሃ ቤት የወጡ የሃያ ምናምን ዓመት ልጆች ናቸው። እኛ ሀገር ይህ ነገር ስም አለው፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል።

ደግሞ ሒሳቡን አላየኸውም። የተጫዋቾቹ ማኅበር ያኔ ያለው ይህን ነው። የሁሉም ተጫዋች ደመወዝ ለ12 ወር 30 በመቶ ቢቀነስ ተቀናሹ 500 ሚሊዮን ፓውንድ ይደርሳል፤ ከዚህ ውስጥ መንግሥት 200 ሚሊዮን የሚሆን ግብር ያጣል። ግብሩ እኮ ነው ሆስፒታሉን የሚያሠራው! እነሱ ጋ ከፍተኛው የገቢ ግብር 45 በመቶ ነው። ተጫዋቹ ዝም ብሎ "ቀንሱኝ" ቢል ነርሷ ምንም አታገኝም፤ ተቀናሹ ሁሉ ክለቡ ካዝና ውስጥ ይቀራል። የክለቡ ካዝና ደግሞ የባለቤቱ ነው። ስለዚህ ልጆቹ "እንሰጣለን፣ ግን ወዴት እንደሚሄድ እኛ እንወቅ" አሉ። ይህ ስግብግብነት ከሆነ እኔ ለዕድር ሳዋጣ ደረሰኝ መጠየቄም ስግብግብነት ነው።

ደግሞም ሰጡ። የያኔው የሊቨርፑል አምበል ጆርዳን ሄንደርሰን የየክለቡን አምበሎች አስተባብሮ ገንዘቡ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋማቱ በጎ አድራጎት የሚሄድበትን መንገድ አበጀ። ይፋ ያደረጉት ኤፕሪል 8 ነው። በኛ መጋቢት 30፣ እዚህ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት ቀን። ሃንኮክ ከተናገሩ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላም።

ስፔን ደግሞ ሂድ። የባርሴሎና ተጫዋቾች 70 በመቶ ቀነሱ፤ ከዚያም አልፈው የክለቡ ሠራተኞች ሙሉ ደመወዝ እንዲያገኙ ተጨማሪ አዋጡ። ይህን በጽሑፍ ያሳወቀው ሜሲ ራሱ ነው፤ እግረ መንገዱንም ከክለቡ ውስጥ ሆነው ተጫዋቾቹን ለሚያሳጡት ሰዎች አንድ ሁለት አቀመሳቸው። ሜሲ ድሃ ነው እያልኩ አይደለም፤ የአራት ዓመት ውሉ 555 ሚሊዮን ዩሮ መሆኑ ቆይቶ ጋዜጣ ላይ ወጥቷል። ብዙ ያገኘ ሁሉ ስግብግብ ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱን አንተም ታውቀዋለህ፤ አክስትህ ሰኞ ገበያ ሁለት ሱቅ አላቸው፣ ማንም ስግብግብ ብሏቸው አያውቅም።

ጁቬንቱስን በምሳሌነት ማምጣትህ ግን ገረመኝ። "አራት ወር ደመወዝ ትተው ለክለባቸው 90 ሚሊዮን ዩሮ አተረፉ፣ እንግሊዞቹም እንዲህ ባደረጉ" ብለሃል። ታሪኩን እስከ መጨረሻ አልተከታተልከውም። በኋላ የጣሊያን ዐቃብያነ ሕግ እንዳሉት ተጫዋቾቹ የተዉት የአንድ ወሩን ብቻ ነው፤ የሦስቱ ወር ቆይቶ እንዲከፈላቸው ለብቻ ተስማምተዋል። የክለቡ መዝገብ አማረ፣ ባለአክሲዮኑ ተረጋጋ። እ.ኤ.አ. በ2023 ክለቡ በዚሁ የደመወዝ ጉዳይ ከ700 ሺህ ዩሮ በላይ ተቀጣ። አየህ? መዝገቡን የሚይዘው ማነው? ተጫዋቹ አይደለም።

አሁን "ቸግሯቸው ነው" ወዳልከው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

የእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ለቆመባቸው ድርጅቶች የሠራተኛውን ደመወዝ 80 በመቶ፣ በወር እስከ 2,500 ፓውንድ ድረስ እከፍላለሁ አለ። የታሰበው በሩ ለተዘጋበት ምግብ ቤት፣ ለፀጉር ቤት፣ ለትንሽ ሱቅ ነው። ቶተንሃም ተሰለፈ። ማርች 31 ለ550 ሠራተኞቹ 20 በመቶ እንደሚቀንስና ድጎማውን እንደሚጠቀም አሳወቀ። በዚያው ቀን በወጣው ሒሳብ መዝገብ ላይ የያኔው ሊቀ መንበር ዳንኤል ሌቪ ባለፈው ዓመት 7 ሚሊዮን ፓውንድ እንደተከፈላቸው ተጽፏል። በአንድ ቀን! ሊቨርፑል ደግሞ 42 ሚሊዮን ፓውንድ ትርፍ ካወጀ ሁለት ወር ሳይሞላው ቅዳሜ ዕለት ድጎማ እወስዳለሁ አለ፤ ደጋፊው ጮኸበት፤ ሰኞ ይቅርታ ጠይቆ ተወው። ቶተንሃምም በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። ችግር ቢሆን ኖሮ በሁለት ቀን ጩኸት ይጠፋ ነበር? የተቸገረ ሰው ሲሰድቡት ችግሩ አይለቀውም።

ጀርመኖቹን ተመልከት። ባየርን ሙኒክ፣ ዶርትሙንድ፣ ላይፕዚግና ሌቨርኩዘን ለትናንሾቹ ክለቦች 20 ሚሊዮን ዩሮ አወጡ። ወረርሽኙ ያው ነው።

አንድ ዓመት ቆይቶ፣ ኤፕሪል 2021፣ 12 ሀብታም ክለቦች የራሳችንን ሱፐር ሊግ እናቋቁማለን ሲሉ ያቀረቡት ሰበብ ምን ነበር? ወረርሽኙ። መሥራቾቹ 3.5 ቢሊዮን ዩሮ ሊካፈሉ፣ ራሳቸው የማይወርዱበት ሊግ ሊያበጁ። በ48 ሰዓት ፈረሰ። ሌላው እንዳይገባ በር መዝጋት ነበር ነገሩ፤ ችግር በዚያ በኩል አላለፈም።

አርሰናልንማ አታስነሳኝ፤ ክለቤ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ተጫዋቾቹ ከደመወዛቸው 12.5 በመቶ እንዲቀነስ ተስማሙ። መሱት ኦዚል "ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ሳላውቅ አልፈርምም" ብሎ እምቢ አለ። ቤቴ ውስጥ ስንቱ ሰደበው! በሳምንት 350 ሺህ ፓውንድ እያገኘ ብለን። ኦገስት ላይ ክለቡ 55 ሠራተኛ አሰናበተ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ የዳይኖሰሩን ልብስ ለብሶ ሕፃናት የሚያስቀውን ሰውዬ፣ ጉነርሶረስን፣ ማሰናበቱ ተሰማ። በዚያው ቀን ቶማስ ፓርቴን በ45 ሚሊዮን ፓውንድ አስፈረመ። የዳይኖሰሩን ደመወዝ "እኔ ልክፈል" ያለው ማን እንደሆነ ታስታውሳለህ? ኦዚል። ያ "ስግብግቡ"።

"ቸግሯቸው ነው" ያልካት ቃል ለምን እንደቆረቆረችኝ ልንገርህ። እኔም ብያታለሁ።

አንድ ልጅ ነበረኝ። በር ላይ ቆሞ ብር ይቀበላል፣ አግዳሚውን ይወለውላል፣ በእረፍት ሰዓት ሻይና ቆሎ ያዞራል። ሰሌዳው ላይ ጨዋታ የሚጽፈውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነበር፤ ከኔ ይልቅ የሱ እጅ ጽሑፍ ያምራል። ቤቱ ሲዘጋ 500 ብር ሰጠሁትና "አብሽር፣ ሲከፈት እጠራሃለሁ" አልኩት። ቸግሮኝ ነው ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። ኪራይ አለብኝ፣ ቤተሰብ አለኝ፤ እውነት ነው። ግን ቁምሳጥን ውስጥ ለትልቅ ቴሌቪዥን ያጠራቀምኩት ገንዘብም ነበረኝ። ከሱ ላይ ለልጁ በወር ትንሽ ትንሽ ብሰጠው አልሞትም ነበር። አልሰጠሁትም። ቤቱ ሲከፈት ቴሌቪዥኑን ገዛሁ፤ ልጁንም አልጠራሁትም፤ የአክስቴን ልጅ በነጻ አስገባሁ።

ፓርቴን ያስፈረምኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። ቴሌቪዥኑንስ ቢሆን መቼ በላሁት፤ በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ከነዲሹ ተወሰደ። እሱ ሌላ ወሬ ነው።

ስለዚህ "ቸግሯቸው ነው" ሲባል መጀመሪያ ቁምሳጥኑ ይከፈት እላለሁ። ሌላ አልጠይቅም።

ባዶ ስታዲየሙን በተመለከተ ግማሹን እቀበላለሁ ብዬሃለሁ። አዎ፣ ጁን 17 የተመለሱት ለገንዘብ ነው። ሊጉ ካልተጨረሰ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች 762 ሚሊዮን ፓውንድ ሊመለስ ይችላል ተብሎ ክለቦቹ ተነግሯቸው ነበር። ለዚህ ስትል በሽታውን የፈሩ ተጫዋቾችን ሜዳ ማውጣት ያሳፍራል፤ በተለይ ቤቱ የታመመ ሰው ላለው። ከዚያም በመከር ወቅት ቤቱ ለተቀመጠ ደጋፊ አንዱን ጨዋታ በ14.95 ፓውንድ ሊሸጡለት ሞከሩ። የኒውካስል ደጋፊዎች "ይህን ለእናንተ ከምንሰጥ" ብለው ገንዘቡን ለድሆች ምግብ ማከፋፈያ ሰጡት። እጃቸው ይባረክ። እኔ እንኳ ስድሳውን ሰው አንድ ላይ በዚያ ዋጋ ሳስገባ ኖሬያለሁ።

ያልተቀበልኩት ግማሽ ይኸውልህ። "የኛ ሊግ ተሰርዞ መቅረቱ ጨዋነት ነው" ብለሃል። የ2012 ውድድር ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖረው ተሰረዘ፤ ልክ ነው፤ ሆላንዶችም እንደዚያው አድርገዋል። ለጤና ጥሩ ውሳኔ ነበር። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የኮሮና ማከሚያ ሆኖ፣ ኬላ ላይ ግንባራችን እየተለካ እያለ ማንም ኳስ አላማረውም። ግን መሰረዝ ብቻውን ጨዋነት አይሆንም። ከሰረዝክ በኋላ ለተጫዋቹ ምን ሆነለት? እሱ ላይ ወደ ታች እመጣለሁ።

ራሽፎርድን "ለዝና" ያልከውን ቶሎ ልለፈው፣ ስለሚያናድደኝ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምሳ ድጎማቸው ክረምቱን ሊቋረጥባቸው ለነበሩ ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚሆኑ የእንግሊዝ ልጆች ጁን 15 ለፓርላማ አባላቱ ደብዳቤ ጻፈ፤ ጁን 16 መንግሥት ሐሳቡን ቀየረ። በደብዳቤው ላይ እናቱ ሠርታም እንኳ እንዴት ሳይበቃቸው እንደሚያድሩ ጽፏል። 22 ዓመቱ ነበር። ለዝናም ይሁን፤ ልጆቹ በልተዋል።

አሁን ወደ ቤታችን። "እኛን አይመለከተንም።"

እናቴ ግቢ ውስጥ አንድ ክፍል የተከራየ ተጫዋች ነበር። ከደቡብ የመጣ ልጅ፣ የግራ ተመላላሽ። ክለቡን አልጠራም፤ ከዚህ ከተማ ነው ከዚያ ከተማ ነውም አልልህም። ሊጉ ሲቆም ክለቡ ገና ከኮሮና በፊት የነበረውን የሁለት ወር ደመወዝ አልከፈለውም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውማ ጭራሽ ተረሳ። "ውድድር የለም፣ ምን ሠርተህ?" አሉት። ውሉ ግን እስከ ክረምት ነው። ወደ አገሩ እንዳይሄድ ትራንስፖርት ተከልክሏል። እናቴ ኪራይ መጠየቅ ተወች፤ እንጀራም ታቀብለው ነበር። አንድ ቀን ታኬታውን ሚስማር ላይ ከሰቀለበት አውርዶ ሲጠርግ አየሁት። ልምምድ ሊሄድ መስሎኝ ደስ አለኝ። ሊሸጠው ነው። አራዳ ወስዶ የሸጠበትን ዋጋ ሲነግረኝ፣ እኔ አንድ ቅዳሜ ማታ በር ላይ ከምሰበስበው ያንስ ነበር።

አንተ "ድሆች ናቸው" የምትላቸው ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር በጀት ነው። የኔና ያንተ ግብር ነው። ድሃ ክለብ ማለት ተጠያቂ ያልሆነ ክለብ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ቶተንሃም ቢከስር የባለቤቶቹ ነው፣ የኛ ሲከስር ከመንገድና ከውሃ ላይ ይነሳል። ነሐሴ 2011 የፕሪሚየር ሊጋችን ተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ጥሩ፣ በጀት እየነደደ ነበር። አሁንም ግን ሁሉም ዓይኑ ተጫዋቹ ላይ ነው። ጣሪያ አበጁ። ወለሉስ? ትጥቅ አጣቢዋ፣ የሜዳ ጠባቂው፣ የታዳጊዎቹ አሠልጣኝ፣ ውድድር ሲቆም ከስንት በታች አይወርድባቸውም? ለየትኛው ወር ቅድሚያ ይከፈላቸዋል? እዚህ ላይ ሲከራከር የሰማሁት ሰው የለም።

በ2012 ክረምት ፊፋ ለ211 አባል ፌዴሬሽኖቹ ለእያንዳንዳቸው 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሴቶች እግር ኳስ ደግሞ ሌላ 500 ሺህ ዶላር መደበ። እኛ ያኔ ሻይ ቤት በር ላይ ተራርቀን ቆመን ስንጨቃጨቅ የነበረው ስለ ኦዚል ነው። "ይህ ገንዘብ ለማን ይድረስ?" ያለ ከመካከላችን አንድ አልነበረም፤ እኔም አላልኩም።

ታኅሣሥ 2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ቤቴ ሞላ። ፋሲል ከነማ ዋንጫ ሲበላ ቆመው የሚያዩ ነበሩ። ያ ተከራይ ልጅ ግን ያኔ ኳስ ትቶ ነበር። በየጊዜው ደውሎ እናቴን ይጠይቃታል፤ የኪራዩን ዕዳ ሁሌ ያነሳል፤ እሷ ሁሌ "ተወው ልጄ" ትላለች።

ወዳጄ፣ ሌላ ጊዜ ሐረጎን ስትወጣ ጽሑፉን ይዘህ ና፤ መስመር በመስመር እንሂድበት። ሻዩን እኔ እከፍላለሁ።

በር ላይ ብር ይቀበልልኝ የነበረው ልጅ አሁን ባጃጅ ይነዳል። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ ስሄድ ሳላየው ገባሁበት። ሰላም አለኝ፤ እናቴን ጠየቀኝ፤ ስለ አርሰናል አወራን። ስወርድ መቶ ብር ሰጠሁትና "መልሱን ተወው" አልኩት። አልተወውም። አንድ በአንድ ቆጥሮ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።